የግቢው ዶማ ለምን ይወልቃል?

በከተማ ግቢ ውስጥ ዶማ ሥራውን የሚጀምረው መሬት በመቆፈር ሳይሆን ድንጋይ በመደብደብ ነው። የያዘው ሰው ብረቱን ወደ ላይ አቁሞ የእጀታውን ታችኛ ጫፍ ከደረጃው ጋር ደጋግሞ ያጋጨዋል። ብረቱ ጥቂት ወረድ ይልና ይጠብቃል፤ ትንሽ ይቆፈርበታል፤ ከዚያ መልሶ ይላላል፤ እንደገና ወደ ደረጃው። ልጆች «ከኋላው አትቁሙ!» የሚባሉት ዶማው ስለሚቆፍር አይደለም፣ ስለሚበር ነው። አጠገቡ ግድግዳ የተደገፈው አካፋ እጀታው ወገቡ ላይ ተሰብሮ በሽቦና በጎማ ተጠፍሯል። መኮትኮቻው በሁለት የተጣመሙ ምስማሮች ምሕረት ቆሟል። መከርከሚያ መቀሱ ቅጠሉን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። ከነዚህ መሣሪያዎች አንዱም ግን ተበላሽቷል ተብሎ አያውቅም። ጎረቤት መጥቶ «ዶማ አላችሁ?» ቢል መልሱ ፈጥኖ «አለን» ነው። መኖሩ እውነት ነው፤ መሥራቱን የጠየቀ የለም። ተዋሹም ይዞት ይሄዳል፣ ማታ ሲመልስ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ብረቱን በአንድ እጁ እጀታውን በሌላ እጁ ይዞ።

ይህን ሁሉ ብዙ ሰው በስንፍና ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ትክክል አይመስለኝም። ስንፍና ቢሆን ኖሮ ደረጃውን የሚደበድብ፣ ሽቦ የሚጠመጥም፣ ጎማ በቢላ ሰንጥቆ የሚያስር ሰው ከየት ይመጣ ነበር? የከተማ ዶማ በጥገና እጦት አልተሠቃየም፤ የሚሠቃየው በጥገና ብዛት ነው። ችግሩ ጥገናው ያለ ቦታው መዋሉ ነው። የእጅ መሣሪያ ብልሽት በሁለት ይከፈላል፦ እሳት የሚፈልግና እሳት የማይፈልግ። ጫፉ ያለቀ፣ የተሰነጠቀ፣ የታጠፈ ብረት እሳት ይፈልጋል፤ ይህ ወናፍና መስፍ ያለው፣ የብረትን ቀለም በዓይኑ የሚለይ ሰው ድርሻ ነው። እንጨቱ፣ ስለቱና ዝገቱ ግን ከመጋዝ፣ ከሞረድና ከጥቂት ዘይት በቀር የሚጠይቁት ነገር የለም፤ የቤት ድርሻ ናቸው። እኛ ይህን ክፍፍል እንዳለ ገልብጠነዋል። ቤት ውስጥ ብረቱን እሳት ውስጥ እንከተዋለን፤ እጀታውን ደግሞ ለበያጅ እንልካለን። ዶማው የሚወልቀው፣ አካፋው የሚሰበረው፣ መቀሱ የሚያኝከው በዚህ መገለባበጥ ነው እላለሁ፤ ማስረጃውም በየግቢው ጥግ ቆሟል።

ከዶማው እንነሳ። የብዙ ዶማ ቀዳዳ ከላይና ከታች እኩል አይደለም፤ ከቆፋሪው እጅ በሚርቀው በኩል ሰፋ፣ በእጅ በኩል ጠበብ ይላል። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እጀታው አንድ ጫፉ ወፍሮ ይጠረባል፤ ቀጭኑ ጫፍ በሰፊው በኩል ይገባና እጀታው በሙሉ በቀዳዳው ያልፋል፤ ወፍራሙ ጫፍ ሲደርስ ይነክሳል። ከዚያ ወዲያ ዶማው በተወነጨፈ ቁጥር ብረቱ ወደ ውጭ መሸሽ ስለሚፈልግ ወደ ወፍራሙ ጫፍ ይጠጋል፤ በቆፈሩበት መጠን ይጠብቃል ማለት ነው። ሽብልቅም ምስማርም አያሻውም። መጥረቢያና መዶሻ ሌላ ሕግ አላቸው፤ እጀታቸው ከታች ይገባል፣ ጫፉ ተሰንጥቆ ከላይ ሽብልቅ ይመታበታል። የግቢው ጠጋኝ የሚያውቀው ይህን የመጥረቢያውን ሕግ ብቻ ስለሆነ ለዶማውም ያንኑ ያውለዋል። አንድ የባሕር ዛፍ እንጨት ያመጣል፣ ጫፉን ያሾላል፣ ከታች በጠባቡ በኩል ይሰካል፣ ከላይ የቀረውን ክፍተት በሽብልቅ፣ በምስማር፣ ሲብስም በጠፍጣፋ ጠጠር ይሞላዋል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ውንጨፋ ብረቱን የሚገፋው ወደ ቀጭኑ ጫፍ ነው። ብረቱም እንደ ተረቱ አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ይቀማል። ደረጃውን መደብደቡም ከዚሁ ይመጣል፤ ለመጥረቢያ ሲሆን ያጠብቃል፣ በትክክል የተገጠመ ዶማ ግን ብረቱና እጀታው እንዲለያዩ ሲፈለግ የሚደረገው ልክ እንደዚያ ነው። በየቅዳሜው የምናጠብቅበት ዘዴ የማውለቂያው ዘዴ መሆኑ ነው።

ደረጃው አልበቃ ሲል ውኃ ይመጣል። ዶማውን ከነእጀታው ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር በየሰፈሩ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ደግሞም ጠዋት ሲያነሱት ጠብቆ ይገኛል፤ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። እንጨት ውኃ ሲጠጣ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፣ በውፍረቱ ግን ያብጣል። በብረት ቀለበት ውስጥ የተያዘ እንጨት ሲያብጥ መሄጃ የለውም፤ ብረቱ አይሰፋለትምና የራሱን ክሮች ይጨፈልቃል። የተጨፈለቀው ክር በደረቀ ጊዜ ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም፤ ከመዘፍዘፉ በፊት ከነበረው አንሶ ይቀራል። ባልዲው አራጣ አበዳሪ ነው፦ ዛሬ የሰጠውን ጥብቀት በሚቀጥለው ፀሐይ ከነወለዱ ይወስዳል። ዶማው ከበፊቱ ብሶ ይላላል፣ መልሶ ይዘፈዘፋል፣ መልሶ ይጨፈለቃል፤ ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው። ትክክለኛው መንገድ የባልዲው ተቃራኒ ነው። እጀታ የሚገጠመው እንጨቱ በደንብ ደርቆ፣ በተቻለ መጠን በበጋ ነው፤ ክረምቱ ሲመጣ እርጥበቱ ይጨምርበታል እንጂ አይቀንስበትም። ውኃ እንደልቡ እንዳይገባና እንዳይወጣ ደግሞ ዘይት ይቀባል። የተልባ ዘይት እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠጥራል፤ ይህን ጠባይ የኑግ ዘይትም ይጋራዋል፣ አደራረቁ ዘገም ቢልም። የተልባ ዘይት የጠጣን ጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ መወርወር ግን አይገባም። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጨማደደ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግቶ ማድረቅ ነው።

ወደ እንጨቱ ራሱ ስንመጣ ከተሜው የሚመርጠው የሚሻለውን ሳይሆን የሚቀርበውን ነው፤ የሚቀርበውም ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶና ከቤት መሥሪያ እጦት ያወጣ ባለውለታ ነው፤ ክፉ ልናገረው አልፈልግም። እርጥቡን ቆርጦ ወዲያው ዶማ ላይ መሰካት ግን ለሱም ለዶማውም ጥሩ አይደለም። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ዛሬ ልክ የነበረው ከወር በኋላ ይወዛወዛል። ገጠሩ የሚያውቃቸው ሌሎች እንጨቶች አሉ። ወይራ ከባድ፣ ጥቅጥቅ ያለና የማይበገር ነው፤ ክትክታም ቁጥቋጦ ተብሎ ቢናቅም ለመሣሪያ ዛቢያ የተመሰገነ ነው። ጋኗንና የወተት ዕቃዋን ያለ ወይራ ጭስ የማታጥን እመቤት ለዶማዋ ሲሆን የቀረባትን አጣና ትሰካለች። ለዚህ ሲባል ዛፍ ይገንደስ አልልም፤ አንድ ቅርንጫፍ ለአንድ ዕድሜ ይበቃል። ከዛፉ ዓይነት የማያንሰው ደግሞ የጭረቱ አካሄድ ነው። ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከእጀታው ጋር አብሮ ከሄደ ጥሩ፤ መሐል ላይ ወደ ጎን ወጥቶ ካለቀ እጀታው ወደፊት የት ላይ እንደሚሰበር አስቀድሞ እያሳየን ነው። ተፈልጦ የተጠረበ እንጨት በመጋዝ ከተተረተረው የሚበልጠውም በዚህ ነው፤ ፍልጥ ጭረቱን ይከተላል፣ መጋዝ ግን የሚከተለው የሠራተኛውን ፍላጎት ነው። ገበያ ላይ በቀይና በቢጫ ቀለም ተለቅልቆ የሚሸጥ እጀታ ሲያጋጥም ቀለሙ ምን እንደሸፈነ መጠርጠር ኃጢአት አይሆንም።

አሁን ወደ እሳቱ። እጀታው አንገቱ ላይ ይሰበርና ቁራጩ ብረቱ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል። መጎተት እንቢ ይላል፣ በመዶሻ ቢመቱት እንቢ ይላል፤ በዚህ ጊዜ አንድ ብልህ ይነሳና «እሳት ውስጥ ክተተው፣ እንጨቱ ተቃጥሎ ይወጣል» ይላል። ይወጣል፤ ከሱ ጋር የብረቱ ጥንካሬም አብሮ ይወጣል። ጥሩ ዶማ ወይም መጥረቢያ ስለቱ የሚቆየው ብረት ሠሪው አግሎ፣ አቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ አሙቆ ስላጠነከረው ነው። የጠራ ብረት ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ገጹ ቢጫ ይሆናል፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ፤ እያንዳንዱ ቀለም ጥንካሬው በምን ያህል እንደላላ የሚናገር ምልክት ነው። የፍም እሳት ከዚህ ሁሉ እጅግ የሚበልጥ ስለሆነ ብረቱ ሲወጣ ቅርጹ እንጂ ጠባዩ የድሮው አይደለም። ከዚያ በኋላ ስለቱ ጠጠር በነካ ቁጥር ይታጠፋል፤ ባለቤቱም «ያሁን ብረት!» እያለ አምራቹን ይረግማል። ግራይንደርም ያው ነው። ብልጭታው ዓይን ይማርካል፣ ሥራው ፈጣን ነው፤ ስለቱ ላይ ሰማያዊ ጥላ ከታየ ግን ያ ቦታ ለስልሷል። የተቀረቀረውን ቁራጭ ለማውጣት የሚያስፈልገው መሰርሰሪያ ነው፦ እንጨቱን በጥቂት ቦታ በስቶ፣ ጥብቀቱን አሳጥቶ፣ ከጠባቡ ወደ ሰፊው በኩል መምታት። መሰርሰሪያ የሌለው ፀሐይ ላይ ያቆየው፤ እንጨቱ ሲኮማተር ራሱ ይላቀቃል።

እሳት የማይገባው ብረት እንዲህ በቤት እሳት ሲቀጣ፣ እሳት የማያውቀው እጀታ ደግሞ ወደ ብየዳ ቤት ይላካል። በያጁ ሥራ አይመልስም፤ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ወይም ወፍራም ፌሮ ያነሳና ከዶማው ጋር ያጣብቀዋል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ «ይኸ እንኳ አይሰበርም» ይላል። ይህን ክርክር በቀላሉ ማለፍ አይገባም፣ ምክንያቱም እውነት አለበት፤ ቧንቧው ላይሰበር ይችላል። ጥያቄው እሱ አልሰበርም ሲል ማን ይሰበራል የሚለው ነው። የእንጨት እጀታ ዶማው ድንጋይ ሲመታ የሚነሳውን ንዝረት ጥቂት ይውጥለታል፤ ቧንቧ ግን ሳይቀንስ ለክርንና ለትከሻ ያስተላልፋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ይፋጃል፣ በማለዳ ይቀዘቅዛል፣ ሁልጊዜም ይከብዳል። ዶማው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ከሆነ ደግሞ ብየዳው ዳር ያለው ብረት በሙቀቱ ባሕርዩ ይለወጥና ተሰባሪ ይሆናል፤ አንድ ቀን ከብየዳው አጠገብ ቀጭ ይላል። ያን ጊዜ የጠፋው እጀታው ሳይሆን ብረቱ ነው፣ ርካሹን ለማዳን ውዱ ተሠዋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት የሚያስንቅ ሒሳብ ነው። እንጨቱ መሰበር ያለበት ክፍል ነው፤ ከጉልበት በላይ ሲጠየቅ እሱ ይሰበርና ብረቱንም ክርኑንም ያተርፋል። አሰባበሩም ይናገራል። አንገቱ ላይ የተሰበረ እጀታ ብዙ ጊዜ የሚመሰክረው ድንጋይ ለመፈንቀል እንደዋለ ነው፤ ለዚያ ሥራ ድጅኖ አለ፣ ድጅኖ ደግሞ እጀታ የሚባል ነገር የለውም።

«ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ወሬ ነው፤ በአገራችን ማን እንዲህ ይጠግናል?» የሚል ይኖራል። የሚጠግነው የአገሬው ገበሬ ነው። የበሬ ማረሻን ልብ ብሎ ላየ እቃው በሙሉ ለጥገና የተሠራ ነው፦ ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እርፉ፣ ድግሩ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይወጣሉ፣ ለብቻ ይተካሉ። እንጨቱን የሚቆርጠው፣ የሚያደርቀው፣ የሚጠርበው ገበሬው ራሱ ነው፤ ለክረምት እርሻ የሚሆነውን በበጋ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። የማረሻው ብረት በእንጨቱ ጫፍ ላይ ሲጠለቅ አፈሩ ራሱ ወደ እንጨቱ እየገፋ ያጠብቀዋል፤ በትክክል የተገጠመ ዶማ የሚሠራበት ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም። ብረቱ ጫፉ ሲያልቅ ደግሞ ገበሬው ምድጃው ውስጥ አይከተውም፤ ወደ ቀጥቃጩ ይወስድና ያስቀጠቅጠዋል፣ ያስሾለዋል። እንጨቱ ቤት፣ ብረቱ እሳት ወዳለበት። እኔ ስጮኽለት የቆየሁት ክፍፍል ማንም ያልጻፈው፣ በየመንደሩ ያለ አሮጌ ልማድ ነው። ከተማው ሲመሠረት ዶማውን ይዞ ገብቶ ይህን ልማድ በር ላይ ረስቶታል።

ለምን ረሳው? የመጀመሪያው ምክንያት ባለቤትነት ይመስለኛል። ገበሬው እርፉን የሚይዘውም፣ የእርፉ ጌታም እሱ ነው፤ ሲወዛወዝ የሚያመው እጁን ነው። በከተማ ግን የዶማው ባለቤት አይቆፍርበትም፣ የሚቆፍርበት ባለቤቱ አይደለም። ዘበኛው «የሰው ዕቃ» ብሎ ለዛሬ የሚበቃውን ምስማር ይመታል፤ አትክልተኛው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ግቢ ይሄዳል፤ የቀን ሠራተኛ አንዳንዱ የግቢውን ዶማ አንዴ ያነሳና መልሶ አስቀምጦ የራሱን ያመጣል፣ የሱ አይወዛወዝም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ዶማውን ግን ሳይንቁትም ይነቀንቁታል፣ ባለቤቱ አያይምና። ሁለተኛው ምክንያት የቆየ ንቀት ነው። ብረት የሚሠራ ሰው ለዘመናት ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እየተባለ ኖሯል። ማረሻውን ያሾለለትን ሰው ዓይን የሚፈራ ገበሬ ያንኑ ማረሻ ግን አቅፎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጥርጣሬው ብረቱን አልፎ ሰውዬው ላይ ብቻ ያርፋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ሞረድ አንሱ ብሎ ግን አላዘዘም። ስለዚህ ዛሬ ማንንም በሙያው የማይሰድብ የተማረ ሰው እንኳ በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ ዶማ ሲሞርድ ቢታይ መንገደኛው ያዝንለታል፦ «ምነው ጋሼ፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» ጋሼም ሞረዱን ቀስ ብሎ ከኋላው ይደብቃል።

ሞረዱ ካልተደበቀ የሚሠራው ብዙ ነው። የዶማና የመኮትኮቻ ስለት እንደ ቢላ ቀጭን መሆን የለበትም፤ በአንድ ወገን ጠረፍ ብሎ፣ ዳሩ ቀጥ ብሎ መዋሉ ይበቃል። ሞረድ የሚበላው ወደ ፊት ሲገፋ ነው፤ ሲመለስ አንስቶ መመለስ እንጂ እየጎተቱ መፈተግ የሚያደንዘው ሞረዱን ራሱን ነው። ጥርስ ያለው ማጭድ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ጥርስ በጥርስ ይሳላል፤ ለስላሳው ማጭድ ግን ድንጋይ ይበቃዋል። የመከርከሚያ መቀሱ ታሪክ ለብቻው ያሳዝናል። ሁለቱ ምላጮች ጎን ለጎን እየተፋተጉ እንዲያልፉ የተሠሩ ስለሆኑ የሚሳለው ተዳፋቱ ወገን ብቻ ነው። ለጋስ ሰው በሁለቱም ወገን ሲስለው ጠፍጣፋው ጀርባ ይጎድልና በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ቅጠሉ እዚያ ውስጥ እየታጠፈ ይታኘካል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ስለቱ ምንም አልሆነም፣ የላላው መሐሉ ላይ ያለው ብሎን ነው፤ ዳዶውን ትንሽ ማጥበቅ ይበቃ ነበር። ዝገትን በተመለከተ ዋናው መድኃኒት ከመዛጉ በፊት ነው፤ ብረቱ ላይ የደረቀ ጭቃ እርጥበት ይዞ ስለሚያድር ከሥራ በኋላ መጥረግና ዘይት በነካው ጨርቅ ማበስ። ዝጎ የቆየውን ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሮ መፈተግ ይቻላል፤ ከዚያ በሶዳ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ወዲያው ዘይት መቀባት ነው፣ ያለበለዚያ በማግስቱ አዲስ ዝገት ይለብሳል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ነፃ ስለሆነ ብዙ ሰው ይቀባዋል። ያ ዘይት የሞተሩን ቆሻሻ ሁሉ ተሸክሞ ነው የወጣው፤ ዶማው ደግሞ ነገ ጎመኑ ሥር ሊገባ ነው።

«ለምን ይህ ሁሉ ድካም? አዲስ መግዛት ይቀላል» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የጠነከረ ይመስላል፣ ገበያ እስኪወጡ ድረስ። ገበያ ውስጥ ዶማ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ብረቱ ለብቻ፣ እጀታው ለብቻ ነው፤ ተገጥሞ ቢሸጥም ሻጩ የገጠመው ከሱቅ እስከ ታክሲ እንዲደርስ ብቻ ነው። እንግዲህ አዲስ የገዛ ሰው ቤቱ ሲደርስ የሚጠብቀው ያው የሸሸው ሥራ ነው፦ እጀታ መጥረብ፣ መግጠም፣ ስለት ማውጣት። መግጠም ያልቻለ እጅ በአዲሱም ዶማ ደረጃ ሊደበድብ ነው፤ መግጠም የቻለ እጅ ደግሞ አሮጌውን ለምን ይጥላል? «ጊዜ የለኝም» የሚለውን ለመመለስ ብዙ አያስፈልግም፤ ደረጃ ለመደብደብ፣ የበረረ ብረት ከጎረቤት ግቢ ለመለመንና የተጎዳ ጣት ለማሰር ጊዜ ያገኘ ሰው ነው የሚናገረው። «የባለሙያን እንጀራ መንጠቅ አይሆንም ወይ?» የሚለው ደግ ሐሳብ ነው፤ ግን ብረት ሠሪው እንጀራውን የሚያገኘው ጫፍ በመሳብና ማረሻ በማሾል እንጂ እጀታ በመሰካት አይደለም። እውነት ለእንጀራው የሚያስብ ሰው ያለቀውን ዶማ ሳይጥል ይውሰድለት።

አንድ ተቃውሞ ብቻ ግማሽ በግማሽ እቀበላለሁ፤ «ያሁኑ ብረት ብረት አይደለም» የሚለውን። አንዳንዱ በእውነትም አይደለም። ከቀጭን ላሜራ ተቆርጦ ቀለም የተቀባ አካፋ አለ፤ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲነካ ጆሮው ይታጠፋል፣ ቢያቀኑት ይታጠፋል፣ ሦስተኛውን ጊዜ ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ያለው ወይራ መጥረብ ወይራውን መበደል ነው። ለመለየት ምስክር የሚሆነው ራሱ ሞረዱ ነው፤ ስለቱ ላይ ቢያልፉበት ሞረዱ ሳይቸገር ጥልቅ ብሎ ከበላ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ጠንከር ብሎ ከተቋቋመው ዕድሜ አለው። ከባሌስትራ የተሠራው በአብዛኛው ይቋቋማል። ፈተናውን ያላለፈው ሲገኝ ማዘን አያስፈልግም፤ «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ በሰፈሩ ማለፉ አይቀርም፣ ብረቱም ምናለሽ ተራ ደርሶ ምናልባት ከኛ የተሻለ የሚያውቅበት ሰው እጅ ይገባል። ከመሸጡ በፊት ግን እጀታውን መንቀል ነው። ቆራሌው የሚከፍለው ለብረት ብቻ ነው፤ እንጨቱ ደግሞ ወገቡ ላይ የተሰበረ ቢሆንም ስብራቱ ተቆርጦ የቀረው ርዝመት ለመኮትኮቻ ይበቃል፣ ጭረቱ ቀጥ ብሎ እስከሄደ ድረስ።